ከገጽ ዘጠና ሰባት የምትጀምረው መጽሐፍ

መጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ጫማዬን በፌስታል ይዤ ነው። ክረምት ስለነበረ ከቤቴ እስከዚያ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ በቦቲ መጥቼ በሩ ላይ ተቀምጬ ቀየርኩ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ፈለቀ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ለጫማሽ እንዲህ የምትሳሺ ከሆነ ለወረቀቴም ትሳሻለሽ» አሉ።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ከአራተኛ ነው ያቆምኩት፣ ጋሼ።»

«ማንበብስ?»

«ቀስ እያልኩ።»

«የሚፈለገው እሱ ነው። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ማጠፉን ይተውና ታሪኩን ይከተላል።»

ፈተናው በዚህ አለቀ።

ቤቱ «ሩቅ ሰማይ አሳታሚ» ይባላል። ስሙ ሩቅ ይሁን እንጂ ከ18 ማዞሪያ በእግር ቅርብ ነው፤ በብረት በያጆች መሀል የተሸጎጠ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ጋሽ ፈለቀ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ስለ ከዋክብትና ስለ ፕላኔቶች ሲያስተምሩ ተማሪው ሁሉ ይተኛባቸዋል። «ልብወለድ አድርጌ ብሰጣቸውስ?» አሉና ትምህርት ቤቱን ለቀው አሳታሚ ሆኑ። ሌላው የፍቅርና የታሪክ መጽሐፍ ሲያሳትም እሳቸው መንኮራኩር፣ ክንፍ ያለው በቅሎ፣ ከባሕር በታች ያለ ከተማና ሰው የሚያናግር ተራራ ነበር የሚያሳትሙት።

መጽሐፎቹ ሁሉ አንድ መጠን ናቸው። ሽፋናቸው ለስላሳ ነው፤ በኮት ኪስ ይገባሉ፤ በአንድ እጅ ይያዛሉ። «ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የሚያነብ ሰው የእኔ ደንበኛ አይደለም» ይሉ ነበር። «የእኔ ደንበኛ አውቶቡስ ውስጥ በአንድ እጁ ብረት ይዞ የቆመው ነው።»

እኔ ሥራውን የወደድኩት በመንኮራኩሩ አይደለም። ጠረጴዛው አጠገብ መስኮት አለ። በመስኮቱ ስመለከት የልጆቼ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ይታያል። ልጆቼ አንዋርና ሐያት ሲገቡ አያለሁ፤ ሲወጡ አያለሁ፤ መንገድ ሲሻገሩ እጄ ወረቀት እያጠፈ ዓይኔ እነሱ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቤት ለቤት ልብስ ሳጥብ፣ አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር የማጥበውን ትቼ የምሮጥ ሴት ነበርኩ። ያ መስኮት ለእኔ ከደመወዙ ይበልጥ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ማተሙ ሌላ ቦታ ይሠራል፤ ለእኛ የሚመጣው ትልልቅ የታተመ ወረቀት ነው። አንዱ ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። እሱን እኛ «እጥፍ» እንለዋለን። የምናጥፈው በእጃችን ነው፤ መስመሩን የምንጫነው በቀንድ ማንኪያ እጀታ ነው። መጽሐፉ አሥራ ሁለት እጥፍ ካለው አሥራ ሁለት ክምር ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ በተራ ይደረደራል። ለቃሚዋ ጠረጴዛውን እየዞረች ከየክምሩ አንድ አንድ ታነሳለች። አንድ ዙር አንድ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ጀርባው በመጋዝ ጫር ጫር ይደረጋል፤ ኮላ ይቀባል፤ ሽፋን ይለብሳል፤ ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል። በመጨረሻ ሦስት ጎኑ ይቆረጣል።

ማዕረጋችንም በዚያው ልክ ነው፤ አጣፊ፣ ለቃሚ፣ ቀቢ፣ ቆራጭ። ቆራጭ ጋሽ ፈለቀ ብቻ ናቸው። ምላጩን ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም።

እሳቸው ሲቆርጡ እኔ ማየት አልችልም። ምላጩ ሊወርድ ሲል ሳላስበው «ቢስሚላህ!» እላለሁ። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ታምሜ ስቀር ግን እጀታውን ይዘው ቆመው «ኧረ አንድ ሰው ይበልልኝ፣ እጄ እምቢ አለ» አሉ አሉ። አስቴር ማተቧን እንዳሰረች ያን ቀን ሙሉ ቢስሚላህ ስትልላቸው ዋለች።

አስቴር ከእኔ በፊት የገባች ለቃሚ ናት። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። ሬዲዮናችን የተበላሸ ጊዜ ጋሽ ፈለቀ ከመታተሙ በፊት ያለውን ረቂቅ ጮክ ብላ እንድታነብልን አዘዟት። «ዓይን ያለፈውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል» ይላሉ። እሷ ታነባለች፤ እኛ የፊተኛውን መጽሐፍ እያጠፍን የሚቀጥለውን እንሰማለን። የቤቱ ልማድ በዚህ ተጀመረ።

ጣጣውም በዚህ ተጀመረ። እኔ ዝም ብዬ መስማት አልችልም።

ያን ጊዜ የሚነበበው «ወፊቱ» የምትባል መንኮራኩር ታሪክ ነበር። የምታበራት ምንታምር የምትባል ልጅ ናት፤ ገና ልጅ እግር። አስቴር «ምንታምር ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ተነሳች» ብላ ስታነብ እኔ «ቆይ፣ ቆይ፣ ምሳ በልታለች?» አልኩ።

«ማን?»

«ልጅቷ ናታ!»

«የአንዋር እናት፣ ልጅቷ ወደ ኮከብ እየሄደች ነው፤ አንቺ ስለ ምሳ ትጠይቂያለሽ?»

«ኮከብ ላይ ምሳ ቤት አለ?»

ሁሉም ሳቀ። የመጽሐፉ ደራሲ ሲስተር ብሌን ጥግ ላይ ተቀምጣ እርማት ስታደርግ ነበር። ቤቴል ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ እኛ ትመጣለች። እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አነሳችና ጫር አደረገች። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ምንታምር ከመነሳቷ በፊት በሶ በጥብጣ ጠጥታ፣ ቆሎ ደግሞ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ሽፋኑን የሠራው ሸምሱ ነው። ሸምሱ የሚኒባስ ቀለም ቀቢ ነው፤ ማዞሪያው ላይ የሚቆሙት ታክሲዎች ግማሾቹ የሱ እጅ ሥራ ናቸው። መንኮራኩሯን ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ አድርጎ ቀባት። ተንሸራታች በር አላት፤ መወጣጫ አላት፤ ከኋላ ጭራዋ ላይ «አይዞን» የሚል ጽሑፍ አለባት።

ጋሽ ፈለቀ ሥዕሉን አገላብጠው አዩ። «ሸምሱ፣ ይሄ መንኮራኩር ነው ሚኒባስ?»

«ጋሼ፣ ሰው የማያውቀው ነገር ላይ አይሳፈርም።»

መጽሐፉ ሄደ። ከድር ወሰደው። ከድር 18 ማዞሪያ ላይ መጽሐፍ እየዘረጋ የሚሸጥና የሚያከራይ ነው። የሚገዛው ጥቂት ነው፤ የሚከራየው ግን ብዙ ነው። መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ አንብበህ ስትመልስ መታወቂያህን ትወስዳለህ። «የቆሎዋን ነገር ሰው ወደዳት» ብሎ መጣ። «እናቶች ለልጆቻቸው እየገዙ ነው።»

ጋሽ ፈለቀ ይህን እንደሰሙ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይዘውት የመጡትን የእጅ ደወል ከመደርደሪያ አወረዱ። ፊቴ አስቀመጡት። «ወይዘሮ ሩቂያ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጭንቅ ሲልሽ ትደውያለሽ። ሲስተር መልስ ታገኝለታለች።»

እንዲህ ዓይነት ማዕረግ በሌላ አሳታሚ ቤት ያለ አይመስለኝም።

በሚቀጥሉት ሁለት መጻሕፍት ደወልኩ። የመንኮራኩሯ ቁልፍ አንድ ብቻ ከሆነ ቢጠፋስ? ከባሕር በታች ባለው ከተማ የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል? ክንፍ ያለው በቅሎ ላይ ሕፃኑን ሲያስቀምጡት በምን አሰሩት?

«እትዬ ሩቂያ፣ ሕፃኑ እኮ የነፋስ ልጅ ነው» አለችኝ ሲስተር ብሌን።

«የነፋስም ቢሆን ልጅ ልጅ ነው።»

በነጠላ አሰረችው። ሁለቱም መጻሕፍት ተወደዱ። ጋሽ ፈለቀ አዲስ ቀንድ ማንኪያ ገዙልን፤ በኮላው ላይ ግን አሁንም ርካሹን ከመግዛት አልተመለሱም። አስቴር «ከዚህ ኮላስ የአጃ ሾርባ ይሻላል» ትላቸው ነበር።

አራተኛው መጽሐፍ እንደገና የወፊቱ ሆነ። ምንታምር አሁን ማንም ወዳልደረሰበት ፕላኔት ልትሄድ ነው። ሲነበብ ደወሉ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። አስቴር እያነበበች ራሷ ደወለችና «ጋዙን ዘግተዋል?» አለች። ሸምሱ ሽፋን ሊያስረክብ መጥቶ እንኳ ደወለ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ቦሎ አላት?»

«መንኮራኩር ምን ቦሎ አላት!»

«እሱን ለትራፊክ ንገሪው።»

ሲስተር ብሌን ለሁሉም መልስ ጻፈች። ጋሽ ፈለቀም «አንድም እንዳይቀነስ፣ ሰው የሚወደው ይሄንን ነው» አሉ። ምንታምር ውሃ አፈላች፤ ቁልፍ አስቀረጸች፤ ለጎረቤት ተናገረች፤ ቦሎ ለጠፈች። እናቷ መርፌና ክር፣ ሁለት ካልሲ፣ የሎሚ ጭማቂ አሸገችላት። እናትየው በሩ ላይ ስትሸኛት እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ደወልኩ።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ?» አለች ሲስተር ብሌን። ደክሟት ነበር።

«ለእራት ትደርስ እንደሆነ አልጠየቀቻትም።»

እኔ ከቤት የሚወጣን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ሱቅ የተላከም ቢሆን። ሲስተር ጻፈችው። ገጽ ዘጠና ስድስት የመጨረሻው መስመር ላይ እናትየው «ለእራት ትደርሻለሽ?» አለች። ገጽ ዘጠና ሰባት የመጀመሪያው መስመር ላይ «ምንታምር መልስ ሳትሰጥ በሩን ዘጋችው» ይላል። ወፊቱ የተነሳችው እዚያ ላይ ነው። መጽሐፉ በሙሉ መቶ ዘጠና ሁለት ገጽ ነው።

ከድር የወሰደውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መልሶ አመጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈውና ላቡን ጠረገ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ይቺ መንኮራኩር ናፍጣ አልቆባት ነው?»

«ትነሳለች እኮ፣ ከድር። ገጽ ዘጠና ሰባት ላይ ትነሳለች።»

«ማን ይጠብቃታል? ጠዋት ተከራይተው ለምሳ ይመልሷታል። ምን እንደሚሏት ያውቃሉ? ሞልታ የማትነሳ ታክሲ። ሽፋኑን ደግሞ እያሳዩ!»

ሸምሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያይ ጀመር።

ሌሎቹም ነጋዴዎች መለሱ። ክምሩ መስኮቴን ሊደርስበት ጥቂት ቀረው። ጋሽ ፈለቀ ሰበሰቡንና «እነዚህ ካልሄዱ ለሌላ መጽሐፍ ወረቀት መግዛት አልችልም» አሉ። «ክፍሉን የባልትና ሴቶች ጠይቀውኛል። ለበርበሬ ደረቅ ስለሆነ ይመቸናል ብለዋል።» ማንንም አልወቀሱም። የባሰው እሱ ነው።

እኔ ጥያቄዎቼ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ቁልፍ ሳያስቀርጹ ወደ ኮከብ መሄድ ልክ አይደለም። ግን መስኮቱን አየሁ። ልጆቼ ከበሩ እየወጡ ነበር። እዚህ በርበሬ ከተዘረጋ እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ሌላ ሥራ ባገኝ በሁለት ታክሲ ነው፤ ልጆቼ ሲሻገሩ ማን ያያቸዋል?

ከሳምንት በኋላ ከድር ባዶ እጁን መጣ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ የዚያችን የደህናዋን ሌላ ቅጂ የለዎትም?»

«የቷ ደህና?»

«የወፊቱ ናታ። አንድ እኔ ጋ ቀርታለች፤ ሰው ተራ ይዞላታል። ትናንት ሁለት ሰው ሊጣሉባት ነበር።»

ጋሽ ፈለቀ ክምሩን በእጃቸው አሳዩት። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ታዲያ? አንድ መጽሐፍ አይደለም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄኛው ይመለሳል፣ ያቺኛዋ አትመለስም።»

አስቴር መተት ነው አለች። ሸምሱ የሽፋኑ ቀለም በዚያችኛዋ ላይ ደመቅ ብሎ ይሆናል አለ። ጋሽ ፈለቀ ኮታቸውን ለበሱና «ወይዘሮ ሩቂያ፣ ተከተይኝ» አሉ።

ማዞሪያው ላይ ከድር መጽሐፏን ከፕላስቲክ ሥር አወጣ፤ አልሰጣቸውም።

«መታወቂያ ያስይዙ።»

«የራሴን መጽሐፍ?»

«ጋሽ ፈለቀ፣ ለእርስዎ ብዬ ደንብ ባፈርስ ነገ ሁሉም አሳታሚ ነኝ እያለ ይመጣል።»

አጠገባችን ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳት ሰማ። «አባት፣ ተራ ይዘዋል?» አላቸው። ጋሽ ፈለቀ የቀበሌ መታወቂያቸውን አወጡና አስያዙ። ያሳተሙትን መጽሐፍ ተከራይተው ወጡ።

ስንመለስ አስቴር ሽፋኑን ገለጠች። እንደገና ሽፋኑን አየችና ገለጠች። «ስሙ የታለ? የመጽሐፉ ስም እኮ የለም። ከመሀል ነው የሚጀምረው።»

«አንብቢው» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«ምንታምር መልስ ሳትሰጥ በሩን ዘጋችው» ብላ ጀመረች።

እጄ ወደ ደወሉ ሄደና ቆመ። ምን ብዬ ልደውል? በሩ ተዘግቷል። ወፊቱ ተነስታለች። ምሳ በልታ ይሁን አትብላ ማንም አልነገረን።

አስቴር አነበበች። የጠፈር ልብሷ ተቀደደ፤ ምንታምር ከኪሷ መርፌና ክር አውጥታ ሰፋችው። መርፌውን ማን እንደሰጣት ገና አልታወቀም። ፕላኔቱ ላይ ደረሰች። ሞተሩ እንደማይመልሳት አወቀች። በመጨረሻ ሬዲዮኑን ከፈተች፤ መልስ የለም፤ ሁለት ፀሐይ ሲጠልቅ ቁጭ ብላ አየች። ገጽ መቶ ዘጠና ሁለት።

አስቴር ገልበጥ ስታደርግ የመጽሐፉ ስም ያለበት ገጽ አንድ መጣ። ከዚያ የታሪኩ መጀመሪያ። ምንታምር ቤቷ ውስጥ ናት፤ እናቷ ውሃ ታፈላለች።

እኛ ከዚህ በፊት ስንቴ የሰማነውን ነው የምታነብልን፤ ጋዝ መዝጋቱን፣ ቁልፍ ማስቀረጹን፣ ካልሲውን። አሁን ግን ማንም አያጥፍም። እናትየው መርፌና ክር ስታሽግ ሸምሱ «ውይ» አለ። ሁለተኛ ካልሲ ስትጨምር ጋሽ ፈለቀ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷ «እማ፣ በቃ፣ ከበደኝ» ስትል አስቴር ራሷ ማንበቧን አቁማ ውሃ ጠጣች። የመጨረሻው መስመር ላይ እናትየው በሩ ላይ ቆማ «ለእራት ትደርሻለሽ?» አለች። ከዚያ በኋላ ገጽ የለም። የኋላው ሽፋን ነው።



«ማን ነው የለቀማት?» አሉ ጋሽ ፈለቀ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ።

ነገሩ ግልጽ ነው። አንዷ ለቃሚ ጠረጴዛውን መዞር ስትጀምር ከአንደኛው ክምር ሳይሆን ከሰባተኛው ፊት ቆማ ነበር። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ እያለች አሥራ ሁለት ደረሰች፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለች ስድስት ላይ ዙሩን ዘጋች። ሻይ መጥቶ ይሆናል፤ ሰው ጠርቷት ይሆናል። አስቴር እኔን አየች፤ እኔ አስቴርን አየሁ። እኔ አይደለሁም። እሷም አይደለሁም ትላለች። እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጋሽ ፈለቀ ወደ ክምሩ ዞሩ። «ሁሉንም አፍርሰን እንደዚህ ብንለቅማቸውስ?»

ወዲያው «ሲስተርስ?» አልኩ። «የሌላ እናት ልጅ ዘቅዝቆ እንደ ማቆም ነው። እሷ ሳትፈቅድ እኔ አንድም አላፈርስም።»

ሲስተር ብሌን ማምሻውን ጋወኗን እንደለበሰች መጣች። ነገርናት። መጽሐፏን ቀማችን፤ ቆማ የመጀመሪያውን ገጽ አየች፤ ጆሮዋ ቀላ።

«ስንት ጊዜ ነው የጻፍኩት መሰላችሁ? አሁን እኔ አላውቅበትም፣ መጋዝና ኮላ ናቸው የሚያውቁበት በሉኛ!»

«ሲስተር፣ ቃሉ ሁሉ ያንቺ ነው» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«ተራውስ?»

መጽሐፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ከድር «መጽሐፌን!» እያለ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የጋሽ ፈለቀን መታወቂያ እንደ ቀይ ካርድ ከፍ አድርጎ ይዟል። እሷም ከኋላው ደረሰች። ዓይኗ አብጧል።

«ጨረስኳት» አለች። «ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩና እራት በልቻለሁ አልኳት። ደንግጣ ምን ሆነሻል አለችኝ።»

ማንም አልሳቀም። እሷ ራሷ ናት የሳቀችው።

«አፍርሷቸው። ግን ይሄ ደወል ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። መቼ እንደምሰማው እኔ እወስናለሁ።»

ደወሉን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትራመድ ይጮሃል።

ማፍረሱ የቀለለን በጋሽ ፈለቀ ኮላ ነው። ሽፋኑን ያዝ አድርገን ስንስበው በአንድ ጊዜ ይላቀቃል፤ እጥፎቹም እንደ ሽንኩርት ይለያያሉ። «ጥሩ ኮላ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር» እያሉ ሲኮሩ ዋሉ። አስቴርም የሾርባውን ወሬ ተወች። እኔ የክምሮቹን ተራ ጠበቅሁ፤ ሰባተኛው ክምር ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ፤ አስቴር በጀመረች ቁጥር «ከቀዩ ነው?» እላለሁ። «ከቀዩ ነው፣ የአንዋር እናት፤ ከቀዩ ነው፤ ልጅሽን አልጠለፍኩም!»

እንደገና ኮላ የተቀባ መጽሐፍ እንደገና ሦስት ጎኑ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ መጽሐፉ ከወትሮው አነሰ። ሸምሱ ሲመጣ አንዱን አንስቶ አየና ጮኸ።

«ጭራዋን ቆረጣችኋት! አይዞን የሚለው የታለ?»

«ፈጥና ስለሄደች ነው» አለችው አስቴር።

የገጹ ቁጥር ጉዳይ እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። ከዘጠና ሰባት የሚጀምር መጽሐፍ ማን ይገዛል? አንድ የኮሌጅ ተማሪ እውነትም ማዞሪያው ላይ ይዞ መጣና «ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?» አለ። ጋሽ ፈለቀ እዚያው ነበሩ፤ ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። «የወደፊቱ ዘመን አቆጣጠር ነው» አሉት። ተማሪው ራሱን ነቀነቀና ከፈለ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ክምሩ ከመስኮቴ ወረደ። ቀጥሎም ከክፍሉ ወጣ። የባልትናዎቹ ሴቶች ሌላ ቤት አገኙ። ቆይቶም ሌሎች አሳታሚዎች የእኛን አይተው ከመሀል የሚጀምር ልብወለድ አሳተሙ ይባላል፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ሁሉንም ከገጽ አንድ ጀመርን። ሲስተር ብሌን የምትጽፈው ግን ተለወጠ። መንኮራኩሯ መጀመሪያው ላይ ትነሳለች፤ እኔ የምጠይቀው ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ልጅቷ ርቃ ከሄደች በኋላ እናቷ ኩሽና ገብታ የተረሳውን ካልሲ ታገኛለች። ይሄኛው የባሰ ያስጨንቀኛል። አንባቢው ግን አያስቀምጠውም፤ እኔም አላስቀምጠውም።

አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ማጠፉን ትቻለሁ። ልጆቼ አድገዋል፤ አንዋር በያጅ ሆኖ እዚያው ግቢ ይሠራል፤ ሐያት በስልኳ ታነባለች። ጋሽ ፈለቀ አርጅተዋል፤ ምላጩን ግን አልለቀቁም። በሳምንት አንድ ቀን እሄዳለሁ፤ ሲቆርጡ ቢስሚላህ ብዬላቸው እመጣለሁ። ደወሉ ቤቴል ሲስተር በምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ መጥሪያ ሆኗል አሉ።

የመጽሐፍ ጠረዛ ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይሄን ነው። መልቀም ከመጀመራችሁ በፊት የቆማችሁት የትኛው ክምር ፊት እንደሆነ እዩ። ተሳስቶ የተጠረዘ መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ደግሞ፣ ከማፍረሳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።